ሟች ያልነበረበት ድንኳን

ስለዚያ ድንኳን ሁለት ዓይነት ወሬ ሰምቻለሁ። በአንደኛው እኔ ጀግና ነኝ፤ ባሕር ማዶ ካለችው ልጄ ጋር ተመካክሬ፣ መንግሥትን ለመቃወም ብዬ በግቢዬ ድንኳን ያስተከልኩ ብልህ ሴት። በሁለተኛው ደግሞ ካሜራ ፊት ቆሜ ልጄን የካድኩ እናት ነኝ። ሁለቱንም የሚያወሩት በዚያ ቀን ግቢዬን ያልረገጡ ሰዎች ናቸው። የረገጡት ዝም ብለዋል። ለምን ዝም እንዳሉ አውቃለሁ፤ እናንተም አንብባችሁ ስትጨርሱ ታውቃላችሁ። ሰው እንዲያዝንልኝ ብዬ አልጽፍም። የሆነው እንደሆነው እንዲነገር ብቻ ነው የምፈልገው። የማልጽፈውም ነገር አለ፤ እሱን አትጠይቁኝ።

ያኔ ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አንደኛ ክፍል ሳስተምር ነው የኖርኩት። ትውልዴ ኮሶዬ ነው፤ ጎንደር የገባሁት ለአንድ የአቋቋም መምህር ተድሬ ነው። ባለቤቴ ሸጋ ሰው ነበር። ቤተሰቡ ግን ከቅድመ አያት ጀምሮ በአንድ ደብር ሲያገለግል የኖረ የካህናት ቤተሰብ ነውና የገበሬ ልጅ መሆኔን አንድም ቀን ረስተውልኝ አያውቁም። በተለይ ታላቅ ወንድሙ መሪጌታ ይትባረክ። ሴት ልጄ ስመኝ በአሥራ አራት ዓመቷ መሮጥ ስትጀምር ቤቴ ተቀምጦ፣ «የቅኔ ቤት ልጅ ጭኗን ገልጣ በአስፋልት ላይ ስትፈረጥጥ ከማይ ዓይኔ ቢጠፋ ይሻለኛል» ያለው እሱ ነው። እኔም ልጄን ኮሶዬ ወንድሜ ጋ ላክኋት። በዚያ ብርድ፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ሮጣ ሮጣ ብሔራዊ ቡድን ገባች። ከዚያ በኋላ መሪጌታ ስለ ጭኗ ማውራቱን ትቶ «የወንድሜ ልጅ» ማለት ጀመረ።

ስለ እሱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ካልጨመርኩ የኋላው አይገባችሁም። ባለቤቴ ያረፈው ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዶ ነው። በእኛ ዘንድ ሞት ለሞተበት ሰው በድንገት አይነገርም። ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ ጎረቤት ተዘጋጅቶ፣ ሊነጋጋ ሲል መጥተው መርዶውን ያረዳሉ። እስከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቀው የሞተበት ሰው ብቻ ነው። ከእኔ ሁለት ቀን ተደበቀ። በሁለተኛው ቀን መሪጌታ ቤቴ መጥቶ ምሳ በላ። የወንድሙን ሞት በልቡ ይዞ ሽሮዬን እየበላ፣ «ትንሽ ቅቤ ጣል አርጊበት» አለኝ። እኔም ባለቤቴ ሲመለስ የምደግስለትን እያወራሁ ቅቤ ጨመርኩለት። በማግስቱ ሊነጋ ሲል ሽማግሌ አስከትሎ በሬን አንኳኳ። ያን ቅቤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስመኝ በዓለም ውድድር አሥር ሺህ ሜትር በሮጠችበት ቀን፣ ወንድ ልጄ አበጀ ከተወሰደ አራት ወር አልፎት ነበር። ኮሶዬ መምህር ነበር። አስተምሮ ሲወጣ የታጠቁ ሰዎች ማኪና ላይ ጭነው ወሰዱት። ያን ሰሞን በአገራችን የተወሰደው እሱ ብቻ አይደለም፤ የሞተውም ብዙ ነው። በየቢሮው ዞርኩ። የትም ብሄድ መልሱ ያው ነው፤ «እዚህ እንዲህ የሚባል ሰው የለም።» የቀበሌያችን ኃላፊ ስሙን እንኳ ሳይጽፍ፣ «አናውቀውም እማማ። ምናልባት ጫካ ገብቶ ይሆናል፤ የሚያውቁትን ጠይቂ» ብሎ መለሰኝ። ኢንተርኔት ተዘግቷል፤ ስልክ አንድ ሰዓት ይሠራል፣ ሌላው ሰዓት ይጠፋል። በእነዚያ አራት ወራት ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጄ አለ ወይስ የለም?

ውድድሩ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። የውጭ ጣቢያ የሚይዝ ዲሽ ያላት ጎረቤቴ ዘነቡ ስለሆነች እሷ ቤት ተሰበሰብን። ዘነቡ ለሰው ሐዘንም ለሰው ደስታም ቀድማ የምትደርስ፣ በሁለቱም ከባለቤቱ በላይ የምትናገር ሴት ናት። መሪጌታ ደህናውን ወንበር ይዟል። የእድራችን ዳኛ አያ ጫኔ አጠገቡ ተቀምጧል።

«አባቴም እንዲህ ነበር» አለ መሪጌታ፣ ስመኝ ከፊት ሆና ስትመራ አይቶ። «ለማኅሌት ሲገሠግሥ የሚቀድመው አልነበረም።»

«በቁምጣ ነበር የሚገሠግሠው?» አለ አያ ጫኔ።

ሰው ሳቀ። መሪጌታ ግን ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

እኔ ዙሩን አልቆጠርኩም፤ ፊቷን ነበር የማየው። ብዙ ጊዜ መራች። መጨረሻው ላይ አንዷ አለፈቻትና ሁለተኛ ሆና ገባች። ዘነቡ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ስመኝ መሬት ላይ ተንበርክካ ቆየች። አንድ ሰው ባንዲራ ይዞላት ሲመጣ በእጇ «ቆይ» አለችው። ወደ አጥሩ ሄደች። ከተመልካቹ መካከል አንዲት ሐበሻ ሴት ነጠላ አቀበለቻት።

«ውይ ሸጋዬ፣ ያገሯን ልብስ ልትለብስ ነው» አለች ዘነቡ።

ስመኝ ነጠላውን ዘረጋችው። ከዚያ ገለበጠችውና ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። አዘቀዘቀችው። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት በቀስታ መሄድ ጀመረች።

የውጭው ጋዜጠኛ የድምፁ ቃና እንኳ አልተለወጠም፤ ለእሱ ያማረ ልብስ ነው። እኛ ግን ሴት ልጅ ነጠላ የምታዘቀዝቀው መቼ እንደሆነ እናውቃለን። እልልታው እንደ ክር ተበጠሰ። ማንም ሰው ማንንም አላየም። ዘነቡ ተነሥታ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ገባችና፣ «መብራት ሄደች» አለች። መብራት አልሄደም። ፍሪጇ ከጥግ ሆኖ ይጮኻል።

«ምነው ዘነቡ?» አልኳት።

«ምንም እትዬ አንጓች። መብራት ነው።»

መሪጌታ ተነሣ። «አንጓች፣ ቤትሽ ግቢ» አለኝ። «እኛ እንመጣለን።»

«ለምን ትመጣላችሁ?»

«እንዲያው ነው። እንመጣለን።»

ያን አነጋገር አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ሲሞት የሰማሁት አነጋገር ነው። ስመኝ ውጭ አገር ሆና የወንድሟን ሞት ሰምታለች፤ እነዚህም ሰምተዋል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። እንደዚያ ነው የገባኝ። አለመጮኼ ይገርመኛል። ምናልባት ለመሪጌታ ቅቤ እንደጨመርኩበት ቀን፣ ምንም የማላውቅ ሞኝ ሆኜ ሊያዩኝ እንደማይገባ ወስኜ ይሆናል። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።

ቤቴ እንደገባሁ ስልኬን አንሥቼ ስመኝን ሞከርኩ። መስመር የለም። ሁለተኛ ልሞክር ስል ዘነቡ ሦስት ሴቶች አስከትላ ገባች። «ስልክሽ ባትሪ የለውም እኮ፤ እኔ ቤት ቻርጅ ላርግልሽ» ብላ ከእጄ ወሰደችው። እኔም ዝም ብዬ ሰጠኋት። ይህም ወግ ነው፤ መርዶ ያልተረዳ ሰው በስልክ እንዳይሰማ ስልኩ ይወሰዳል። ሴቶቹ ተቀመጡ። አንዷ ስለ ኮላ ድባ ገበያ የጤፍ ዋጋ አወራች። ሌላዋ ማሰሮ ከወለቃ ልትገዛ እንዳሰበች ነገረችኝ። ዓይናቸው ግን ይሸሻል። እኔም ስለ ጤፉ መለስኩ፣ ስለ ማሰሮውም መለስኩ። ሌሊቱን አልተርከውም።

ሊነጋጋ ሲል በግቢዬ ውስጥ የብረት ድምፅ ሰማሁ። የእድሩ ልጆች የድንኳኑን ቋሚዎች እያወረዱ ነው። ከዚያ በሬ ተንኳኳ። መሪጌታ ይትባረክ ከፊት፣ አያ ጫኔና ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላው፣ ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ከእነሱ ኋላ።

«ግቡ» አልኳቸው። «ተቀመጡ ግን አልላችሁም። ተናገር መሪጌታ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ አንጓች።»

«በማን?»

መሪጌታ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ የሰው ልጅ ሁሉ…»

«ስም ጥራልኝ።»

«አበጀ ነዋ» አለ ቀስ ብሎ።

ሴቶቹ ሊጮኹ አፋቸውን ሲከፍቱ እጄን አነሣሁባቸው። «መቼ ሞተ? የት? ሬሳውን ማን አየው?» አልኩት።

«ያንን እንኳ… ሰምተናል።»

«ከማን ሰማህ?»

መሪጌታ ዘነቡን አያት። ዘነቡ አያ ጫኔን አየችው። «እኔ እርስዎ አውቀው መስሎኝ ነው ድንኳኑን ያስወጣሁት» አለ አያ ጫኔ ለመሪጌታ። «ትናንት ዘነቡ መጥታ ‘መሪጌታ መርዶውን ይዘዋል’ አለችኝ።»

«እኔማ እሳቸው ‘ቤትሽ ግቢ’ ሲሏት ሰምቼ ነው» አለች ዘነቡ።

«እኔ ደግሞ» አለ መሪጌታ፣ «ልጅቱ አዘቅዝቃ አየኋት። አንቺም ቴሌቪዥኑን ስታጠፊ ጊዜ የሰማሽው ነገር አለ ብዬ ነው።»

ያ ሁሉ ሰው መርዶ ሊያረዳኝ መጥቶ መርዶውን የሰማ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ጊዜ የዘነቡ ደረት ጮኸ። ስልኬን ከጉያዋ አወጣችና እንደ ፍም በሁለት ጣቷ ያዘችው። ስመኝ ናት። መስመሩ ከማታ ጀምሮ ተመልሶ ኖሯል፤ ልጄ ደጋግማ ደውላለች፤ ዘነቡ፣ «መርዶ በስልክ እንዳትሰማ» ብላ አላነሣችውም። አንድ ቃል የሚፈታውን ነገር ሌሊቱን ሙሉ ጡቷ ሥር ይዛው አደረች። ነጠቅኋትና አነሣሁት።

«እማዬ፣ ምነው አታነሺም?» አለች ስመኝ።

«ማን ሞተብሽ?»

«ማንም። ለሞቱት ሁሉ ነው ያዘቀዘቅሁት። እንደ አበጀ ለተወሰዱትም ነው። ዓለም እንዲጠይቅ ብዬ ነው።»

«ወንድምሽ አለ ወይስ የለም?»

«አላውቅም እማዬ። አንቺ ሰማሽ?»

«ሳታውቂ አዘቀዘቅሽበት?» አልኳት። «መኖሩን መሞቱን ሳታውቂ? እኔ እዚህ እንዳለሁ ረስተሽ?» ልትመልስልኝ ስትል መስመሩ ጠፋ። ተመስገን ጠፋ፤ ሌላ የምላት ነገር ነበረኝ።

አያ ጫኔ አፍሮ ወጣና ልጆቹን፣ «አፍርሱት» አላቸው። አንዱን ቋሚ ነቅለው ሳይጨርሱ የቀበሌው ኃላፊ ሁለት የታጠቁ ሰዎችና አንድ ካሜራ የያዘ ጎረምሳ ይዞ ገባ። የስመኝን ነገር ሰምተዋል። ድንኳኑንና ሰዉን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይኼ ምን ስብሰባ ነው?» አለ። «ማን ፈቀደ?»

መሪጌታ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። ለምን እንደቀደምኩት አላውቅም፤ የመሪጌታ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ይሆናል።

«ለቅሶ ነው» አልኩት። «ለቅሶ ፈቃድ አይጠየቅበትም።»

«ማን ሞቶ?»

«አበጀ።»

«አበጀ አልሞተም» አለ።

እንደ ቀላል ነገር ነው ያለው። ካለው በኋላ ራሱ ሰማው። አያ ጫኔ ቀና አለ። የነቀሉትን ቋሚ የያዙት ልጆች ባሉበት ቆሙ።

«አራት ወር ‘አናውቀውም’ ስትለኝ ነበር» አልኩት። «አለመሞቱን እንዴት አወቅህ?»

«እማማ፣ ነገር አታጣሚ። ድንኳኑን አስነሺ።»

«ካልሞተ አሳየኝ። በዓይኔ እስካየው ድረስ ለእኔ ሞቷል። ድንኳኑ ይቆማል።» ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ልታለቅሱ አይደል የመጣችሁት? አልቅሱ።»

መጀመሪያ ያለቀሰችው ዘነቡ ናት። ይህን አልነፍጋትም። ከዚያ ሁሉም ተነሡ፤ ሁሉም ቤት የሚለቀስለት ሰው ነበረና ለማን እንደሚያለቅሱ የጠየቀ የለም። የታጠቁት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው መሣሪያውን ወደ ጀርባው አዞረና ቆቡን አወለቀ።

«አንጓች» አለ መሪጌታ፣ ኃላፊው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ነውር ነው። በቤተ ክርስቲያንም በመንግሥትም የሚያስጠይቅ ነው። ድንኳኑ ይነሣ።»

«መሪጌታ» አልኩት፣ «ወንድምህ ሞቶ ሁለት ቀን ስትደብቀኝ ምሳዬን በላህ። አሁን ደግሞ ልጄ በሕይወት እያለ ሞተ ብለህ በሌሊት ቀሰቀስከኝ። ሲሞቱ አለ፣ ሲኖሩ ሞተ ትለኛለህ። ከእንግዲህ ስለ ቤቴ ሰው አንድ ቃል እንዳትነግረኝ። ውጣ።»

ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴን አልረገጠም።

ድንኳኑ ሁለት ቀን ቆመ። ሰው ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ይሄዳል። ኃላፊው በቀን ሁለቴ እየመጣ አንዴ ያስፈራራል፣ አንዴ ይለምናል። በሦስተኛው ቀን ጧት ብቻውን መጣ።

«ታይዋለሽ» አለኝ። «ከዚያ ድንኳኑ ይነሣል፤ ስለ ልጅቱም ለካሜራ ትናገሪያለሽ።»

«መጀመሪያ ልየው።»

የት እንደወሰዱኝ አልጽፍም። ግቢ ነው፤ የሽቦ አጥር አለው። ከአጥሩ ወዲህ አቆሙኝ። አበጀ ከወዲያ በኩል በአንድ ወጣት ዘብ ታጅቦ መጣ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል፤ ግራ እግሩን ይጎትታል። ሽቦውን ይዞ አየኝ።

«እማዬ፣ ስንተኛ ወጣች?» አለኝ።

ከአራት ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው።

«ሁለተኛ» አልኩት።

«ማን ቀደማት?»

አላውቅም ነበር። በዚያ ሁሉ ለቅሶ ውስጥ ልጄ ከዓለም ሁለተኛ መውጣቷን አንድም ሰው አንሥቶት አያውቅም፤ እኔም ጭምር።

«ኬንያዊቷ ናት» አለ ዘቡ ከኋላው። «መጨረሻው ዙር ላይ። ቀድማ ወጥታ ባትደክም ኖሮ ወርቁ የእሷ ነበር።»

«ቀድማ ካልወጣች አጨራረስ የላትም» አለ አበጀ ሳይዞር። «አንተ ስመኝን አታውቃትም።»

«አይቻታለሁ እኮ።»

«በቴሌቪዥን ነው ያየሃት። እኔ በደባርቅ መንገድ ላይ በብስክሌት ስከተላት ነው ያደግሁት።»

ከደስታ ይሁን ከንዴት እንጃ፣ መሐላቸው ገባሁ። «ነጠላ አዘቀዘቀችብህ» አልኩት።

«ለእኔ?»

«ለሁሉም ነው ትላለች።»

ሽቦውን የያዘበትን እጁን አየ። «ለሁሉም ከሆነ ልክ ናት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አብረውኝ ከመጡት ሁለቱ…» ዘቡ ክንዱን ነካ አደረገው። «በቃ» አለ። በጩኸት አይደለም፤ እንደ ልመና ነው ያለው። ይዞት ሄደ።

የገባሁትን ቃል አላጠፍኩም። ካሜራው ፊት ቆሜ እንዲህ አልኩ፤ «ልጄ የሠራችው ስህተት ነው። ወንድሟ እዚሁ ታስሮ በሕይወት እያለ ነው ያዘቀዘቀችበት፤ ዛሬ በዓይኔ አይቼዋለሁ።» ያስገደደኝ የለም። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከልቤ ነበር የተናገርኩት፤ ያን ሌሊት ያደረ ሰው ይፍረድብኝ። ሁለተኛውን ግን ያልኩት በአገር ሁሉ ፊት ልጄ እጃቸው ላይ መሆኑ እንዲሰማና ከዚያ በኋላ «አናውቀውም» እንዳይሉኝ ነው። ማታ ሲተላለፍ የመጀመሪያው ብቻ ቀረ። ሁለተኛውን ቆርጠውታል። ካደች የምትሉኝ ያያችሁት ያንን ግማሹን ነው።

ጎረቤቶቼ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። የማይናገሩት ይዘውት የመጡት መርዶ ከማንም ያልተሰማ መሆኑን መናገር ስለሚያሳፍራቸው ነው። አንዱ የሌላውን ፊት አይቶ ሰው ገደለ። እኔም አብሬ ገድየዋለሁ፤ ዘነቡ ቤት ሳለሁ፣ «ማን ሞተ?» ብዬ ጮኼ ብጠይቅ ኖሮ ያን ሌሊት አላድረውም ነበር። ያልጠየቅሁት ለኩራቴ ብዬ ነው። እናንተም፣ ሰው ዓይኑን ሲያሸሽባችሁ እዚያው አስቁማችሁ ጠይቁት። የሚነግራችሁ የሚያውቅ ላይሆን ይችላል። የሚያውቀው ደግሞ ሳትጠይቁት አይነግራችሁም። እኔ አሁን እጠይቃለሁ። በየሳምንቱ ወደዚያ ግቢ ሄጄ የአበጀን ስም እጠራለሁ፤ አንዳንድ ቀን ያሳዩኛል፣ አንዳንድ ቀን ይመልሱኛል፤ «አናውቀውም» ያለኝ ግን ከዚያ ወዲህ የለም።

ስመኝ አልተመለሰችም። ቆርጠው ያስተላለፉትን ግማሽ ቃሌን እሷም አይታዋለች። የቀረውን ነግሬያታለሁ፤ አመነችኝ አላመነችኝ አላውቅም። እሑድ እሑድ ትደውላለች።

«ይቅር አልሽኝ እማዬ?» ትለኛለች።

«ወንድምሽ ይውጣና ያኔ ጠይቂኝ» እላታለሁ።

«እሺ» ትላለች። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ትጠይቀኛለች። ሯጭ ናት፤ አትደክምም።